ሙዝ ዘር የማያፈራው ለምንድን ነው?

በከሚሴ ዙሪያና በቦርከና ዳር በመስኖ ሙዝ የምታለሙ ወይም ለማልማት ያሰባችሁ አርሶ አደሮች፣ ሙዝ ስትቆርጡ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። ዘር ለመሆን ጀምረው የቀሩ ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት በቅሎን አስቡ። ክሮሞሶም በህዋስ ውስጥ ያለ፣ የወላጅን ባህርይ ለልጅ የሚያስተላልፍ ክር መሰል አካል ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው፤ በቅሎ ግን ከሁለቱ ግማሽ ግማሹን ወስዳ 63 ይኖራታል። የዘር ህዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች ተጣምረው እኩል መከፈል አለባቸው። የበቅሎ ስለማይጣመር ጉልበት እያላት አትወልድም።

የሙዝም ነገር ከዚህ ይቀርባል። የዱር ሙዝ 11 ክሮሞሶም በሁለት እጅ፣ ማለትም 22 አለው፤ ፍሬው በጠጣር ዘር የተሞላ ነው። ለገበያ የሚመረተው ካቨንዲሽ ግን በሦስት እጅ 33 አለው። ሦስቱ ለሁለት እኩል ስለማይከፈል የዘር ህዋሱ ጎደሎ ይሆናል። ሥጋው የሚያድገው ያለ ዘር ማደግ የሚችል ሌላ ባህርይ ስላለው ነው፤ ይህም ለበላተኛው በጀው።

ለአልሚው ግን ችግር አለው። ቡቃያው የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሁሉንም ያጠቃል። ግሮስ ሚሼል የተባለው ዝርያ በፓናማ በሽታ ምክንያት በ1950ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከዓለም ገበያ የወጣው በዚሁ ነው። በሽታው በአፈርና በቡቃያ ይተላለፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ከሚጠወልግ ማሳ ቡቃያ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ከጤነኛ እናት ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የጠበበውን ምረጡ፤ ከተገኘ በቤተ ሙከራ የተባዛ ችግኝ ይሻላል።