ተገጣጣሚ የዕቃ መሸከሚያ ሰደርያ፦ አመራረጥና አዘገጃጀት

በጥበቃ፣ በድንገተኛ ሕክምና፣ በነፍስ አድን እና በደን ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በደረታቸው ላይ የሚሸከሙበት ሰደርያ አለ። ይህ ማብራሪያ ሰደርያውን በግላቸው ለሚገዙ ወይም ከሚሠሩበት ተቋም ተረክበው ራሳቸው ለሚያዘጋጁ ተገልጋዮች የቀረበ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ልዩነት ግልጽ ሊሆን ይገባል። የዕቃ መሸከሚያ ሰደርያ ጥይት አይከላከልም፤ ከናይለን ጨርቅና ከማሰሪያ የተሠራ መሸከሚያ ብቻ ነው። ከጥይት መከላከያ ጋር በመልኩ እጅግ ስለሚመሳሰል የለበሰው ሰው የተጠበቀ ሊመስለው ይችላል፤ አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። መከላከያ ሰሌዳ የሚገባበት ኪስ ያለው ሰደርያም ቢሆን ሰሌዳው እስካልገባበት ድረስ ጨርቅ ነው። ሰሌዳ ሲገዛም የተፈተነበትን ደረጃ መመልከት የግድ ነው። በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት መለኪያ ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው እትሙ መሠረት ደረጃ 3ኤ የሚባለው የሽጉጥ ጥይትን ብቻ፣ ደረጃ 3 እና 4 ደግሞ የጠመንጃ ጥይትን ለመቋቋም የተፈተኑ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲስ እትም የደረጃዎቹ ስያሜ ተለውጧል፤ የሽጉጥና የጠመንጃ ልዩነት ግን እንዳለ ነው። በመሆኑም ለሽጉጥ የተፈተነ መከላከያ የክላሽንኮቭ ጥይትን ያቆማል ብሎ መተማመን ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል። በላዩ ላይ የአምራቹ ስም፣ የፈተና ደረጃው እና የአገልግሎት ጊዜው ያልተጻፈበትን ሰሌዳ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ አለመግዛት ይመረጣል።

ሰደርያው «ተገጣጣሚ» የተባለው ኪሶቹ በላዩ ላይ ተሰፍተው ስላልቀሩ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ዕቃ በወገብ ይታጠቅ ነበር፤ በአገራችን የሚታወቀው ዝናርም የዚሁ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀበለው ትጥቅም ዋና ክብደቱን በቀበቶ ላይ ያኖር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለውና «ሞሊ» የሚባለው ሥርዓት ግን በሰደርያው ላይ አግድም የተሰፉ የናይለን ጥብጣቦችን ይጠቀማል። የጥብጣቡ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በረድፎቹ መካከልም ያንኑ ያህል ክፍተት ይኖራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ በየ38 ሚሊ ሜትሩ ወደ ጨርቁ ተሰፍቶ ማስገቢያ ቀዳዳዎችን ይፈጥራል። ይህ ልክ ከተጠበቀ የአንዱ አምራች ኪስ በሌላው ሰደርያ ላይ ይገጥማል። ርካሽ በሆኑ ቅጂዎች ላይ ልኩ ስለሚዛነፍ፣ ከመግዛት በፊት አንድ ኪስ አስገጥሞ መሞከር ወይም በማስመሪያ መለካት ተገቢ ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኪሱ ጀርባ ላይም ጥብጣብ አለ። ኪሱ በሰደርያው ላይ ሲጋደም የራሱ ጥብጣቦች በሰደርያው ረድፎች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ማረፍ አለባቸው። ከዚያም ከላይ የተንጠለጠለው ማሰሪያ በመጀመሪያ በሰደርያው ጥብጣብ ሥር፣ ቀጥሎ በኪሱ ጥብጣብ ሥር፣ እንደገና በሰደርያው፣ እያፈራረቀ እንደ ሽመና እስከ ታች ይወርድና በቁልፉ ይታሰራል። ማሰሪያውን በሰደርያው ጥብጣቦች ብቻ አሳልፎ መተው ሥራውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን ኪሱ ይንጠለጠላል፣ በሩጫ ጊዜ ደረትን ይደልቃል፣ በመጨረሻም ቁልፉን ያላቅቃል።

መጠኑ የሚስተካከለው በሥራ ጊዜ በሚለበሰው ልብስ ላይ ነው። ተጠቃሚው ሲቀመጥ የሰደርያው የታች ጠርዝ በጭኑ ተገፍቶ ወደ አንገቱ የሚወጣ ከሆነ ወይም ረዝሟል ወይም ላልቷል። በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱን የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ጠብቋል።

የዕቃ አቀማመጥን በሚመለከት፣ የደም መፍሰስን የሚያቆመው ማሰሪያ፣ ማለትም ቱርኒኬት፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አንድ እጅ ቢቆስል ሌላው ሊደርስበት እንዲችል በደረት መካከል ይቀመጣል፤ በኪስ ሥር ተቀብሮ ወይም በጀርባ ላይ ሆኖ ጥቅም የለውም። የተቀረው የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ባልደረባም በቀላሉ እንዲያገኘው የሁሉም ሠራተኛ ኪስ በተመሳሳይ ጎን ቢሆን ይመረጣል። የመገናኛ ሬዲዮ ዘወትር ከሚሠራበት እጅ በተቃራኒ ወገን፣ ኮዳ ደግሞ ወደ ጎን ይደረጋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በሌላኛው ጎን የሚመጣጠን ክብደት ካልተደረገ ትከሻ ይዛነፋል። በመኪና ለሚሠራ ሰው በጀርባ ላይ ምንም ጠንካራ ነገር አለማድረግ ወገቡን ከጉዳት ይጠብቅለታል። ኪስ ባዶ ስለሆነ ብቻ መሞላት እንደሌለበትም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሰደርያው ላብ እንዳይተን ስለሚያግድ፣ እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች የሚጨመረው እያንዳንዱ ዕቃ ሠራተኛውን ያደክማል።

ከተዘጋጀ በኋላ ሙሉ ጭነቱ ተደርጎበት ለአንድ ሰዓት ያህል በመልበስ መንበርከክ፣ በሆድ መተኛት፣ ደረጃ መውጣትና መኪና ውስጥ መግባት መሞከር አለበት። በአንድ እጅ ዘለበቶቹን ፈትቶ ማውለቅም ከሙከራው አይቀርም፤ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ወይም እሳት የያዘው ሰው ሁለቱንም እጆቹን ለመጠቀም ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

ከጸጥታ አካላት የደንብ ልብስ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለውን ሰደርያ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከሚሠራበት ተቋምና በአቅራቢያው ከሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሰደርያው ሲቆሽሽ መከላከያ ሰሌዳው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል። የፀሐይ ጨረር ናይለንን ስለሚያዳክም በጥላ ይሰጣል፤ በረኪና አይነካውም።