አረጋውያን ደግመው ሳይወድቁ አደጋውን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ደጋ አገር አንድ አረጋዊ ሲወድቁ «እርጅና ነው» ተብሎ ነገሩ የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ዘንድሮ የወደቀ ሰው ከርሞም እንዳይወድቅ የሚያሠጋው ካልወደቀው ይልቅ ነው። ሁለተኛው አወዳደቅ የዳሌ አጥንት የሰበረ እንደ ሆነ፥ ትናንት በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ የነበሩት ሽማግሌ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በገለጸው ግምት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ሞቱም የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው።

አደጋ የተቃረባቸውን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ወድቀዋልን?
2ኛ/ ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉን?
3ኛ/ እወድቃለሁ ብለው ይሠጋሉን?

ለአንዱ እንኳ «አዎን» ያሉ ሁሉ መመርመር ይገባቸዋል። በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የወደቁት ግን ብርቱ ሥጋት ያለባቸው ናቸው።

ቀጥሎም አረማመዳቸው በሰዓት ይለካ። ከወንበር 3 ሜትር ርቆ ምልክት ይደረግና አረጋዊው ተነሥተው በለመዱት አካሄድ፥ ምርኩዝ ካላቸውም ይዘው፥ እስከ ምልክቱ ደርሰው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰኮንድ ወይም የበለጠ ከፈጀባቸው የመውደቅ ሥጋት አለባቸው። ሲለካ ደጋፊ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ።

የመውደቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። የእግር ጉልበት መድከም፥ የዓይን ሞራ፥ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት፥ ከተኙበት ድንገት ሲነሡ የደም ግፊት መውረድ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በአገራችን ደግሞ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የሚውለው ዝናቡ ምድሩን ባጨቀየበት ወራት ስለ ሆነ፥ ጾመው ረጅም ሰዓት ለሚቆሙት አረጋውያን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓይናቸውን ጭልም ሲያደርጋቸው ወዲያው ይቀመጡ።

ሌሊት የሚነሡበት ስፍራ መብራት ይኑረው፤ ከአልጋው ጫፍ ጥቂት ተቀምጠው ይነሡ፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን በየቀኑ ይለማመዱ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሐኪም ይመልከተው እንጂ በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡት።

ብዙ አረጋውያን ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ መውደቃቸውን ይሸሽጋሉ። ስለዚህ መምህራን ሦስቱን ጥያቄዎች ለተማሪዎቻቸው እንዲያስጠኑ፥ ተማሪዎችም አያቶቻቸውን በአክብሮት ጠይቀው መልሱን ለወላጆቻቸው እንዲነግሩ አደራ እንላለን። ያልተጠየቀ አይናገርምና።