ቍስል ሲነኩት ስለ ምን ያማል?

የሰው ገላ በቈዳ የተሸፈነ ነው። የቈዳው የላይኛው ሽፋን ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ ፀጕርና ጥፍር ሲቈረጡ እንደማያምሙ፥ እርሱም ብቻውን ቢፋቅ አያምም። ከእርሱ በታች ግን ነርቭ የሚባሉ፥ ከክር የቀጠኑ ብዙ መልእክተኞች አሉ። ሥራቸውም ሙቀትንና ብርድን፥ መነካትንና መወጋትን ለአንጎል መንገር ነው።

ልጅ ሲሮጥ በድንጋይ ተደናቅፎ ጕልበቱ ቢላጥ፥ እነዚያ ነርቮች መክደኛው እንደ ተነሣ ዕቃ ይገለጣሉ። የተጐዳውም ሥጋ ነርቮቹን የሚያነቃ ነገር ያመነጫል፤ ደምም ወደ ስፍራው ይበዛል። ስለዚህ ቍስሉ ቀይ ይሆናል፥ ይሞቃል፥ ያብጣል። የነጠላ ጫፍ እንኳ ቢነካው ያማል።

ውሃስ ስለ ምን ያቃጥላል? በሰው ሥጋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ጨው አለበት፤ ልኩም በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ያህል ጨው እንደ መጨመር ነው። የምንጭ ውሃ ግን ይህን ያህል ጨው የለውም። ስለዚህ በዓይን የማይታዩት የሥጋ ክፍሎች ውሃውን ስበው ይነፋሉ፥ ነርቮቹም ይቈጣሉ። በሐኪም ቤት ለቍስል ማጠቢያ የሚዘጋጀው ውሃ ግን ጨው በዚያው ልክ የተመጠነበት ስለ ሆነ እምብዛም አያቃጥልም።

ሕመም ጠላት ይመስላል፤ ነገር ግን ዘበኛ ነው። ይህ ዘበኛ በሌለ ጊዜ የሚሆነው በሥጋ ደዌ ይታወቃል። ይህ በሽታ ነርቭን ስለሚያበላሽ፥ የታመመው ሰው እጁን ፍም ቢያቃጥለው፥ እግሩንም እሾህ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። በቍስሉ ላይ ሳያውቅ ይራመድበታል፤ ኋላም ጣቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። የኖርዌይ ሐኪም አርማወር ሐንሰን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. የበሽታውን ተሕዋስ አገኘ፤ ዛሬም በሽታው በመድኃኒት ይድናል። የጠፋው ስሜት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው በየቀኑ እጁንና እግሩን በዓይኑ ይመረምራል፤ ዓይኑ የነርቭን ሥራ ይሠራለታል።

እንግዲህ ቍስሉን መታጠብ የሚፈራ ልጅ ይህን ያስተውል። የመታጠብ ሕመም ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዐፈር የቀረበት ቍስል ግን ሊመግል፥ ብዙ ቀንም ሊያሠቃይ ይችላል። ብልኅ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ቍስሉን በንጹሕ ውሃ ያጥባል፥ በንጹሕ ጨርቅም ይሸፍናል። ጥልቅ ቢሆን ግን ሳይደብቅ ለወላጆቹ ይነግራል። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላልና።