«ንቅሳት አጥፊ» የተባለው ቅባት ምን ያጠፋል?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ያገኘናቸው የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሳለ እኒህ እናት ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ምን እንደሆኑ ብንጠይቃቸው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩን። በልጅነታቸው የተነቀሱት በሰልፍ በሰልፍ የተደረደረ ንቅሳት እንደ ነበረ አለ። ዙሪያው ግን ከፊሉ ነጥቷል፣ ከፊሉ ጠቁሯል፤ መሐሉ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

ወንድ ልጃቸውን ለመዳር ሲሰናዱ፣ ዐረብ አገር ሠርታ የምታድረው ሴት ልጃቸው በሙሽራይቱ ዘመዶች ፊት «ባላገር» እንዳይባሉባት በማሰብ ንቅሳት ያጠፋል የተባለ ቅባት ላከችላቸው። «ልጆቼ፣ በእርሷ አትፍረዱ፤ ክብሬን ብላ ነው» አሉን። «ጠዋትና ማታ ቀባሁት። ሲያቃጥለኝም እየሠራ ነው ብዬ ቻልኩት። አሁን ንቅሳቱ አለ፤ የጠፋው አንገቴ ነው።»

ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ነገሩን እንዲሁ ልናልፈው አልቻልንም። ቅባቱ የሚስበው ለምንድን ነው? በእርግጥስ ይሠራልን? መልሱን ለሠራዊታችን አባላትና ለከተማችን ነዋሪዎች በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው ንቅሳት በአገራችን ደጋማ ክፍል ለረዥም ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ነቃሿ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ በእሾህ ወይም በመርፌ እያጠቀሰች የልጃገረዲቱን አንገት፣ አገጭ ወይም ድድ ትወጋለች። የአንገቱ ለጌጥ፣ የግንባሩ መስቀል ለሃይማኖት ምልክት፣ የድዱ ደግሞ ለውበትና ድድ ያጠነክራል ተብሎ ነበር። ሕመሙን ችላ የተነቀሰች ልጅ በእኩዮቿ ዘንድ ትከበራለች፤ የዘፋኝም ቃል ያወድሳታል። ዳሩ ግን ያው ምልክት ከመንደሩ ወጥቶ ከተማ ሲገባ ትርጉሙ ተለወጠ። በአንዱ ስፍራ ጌጥ የነበረው በሌላው ስፍራ የመሳለቂያ ምክንያት ሆነ። በወጣትነቱ የወዳጁን ስም በክንዱ ላይ አስነቅሶ፣ ትዳር ሲይዝ እጅጌውን ወደ ታች የሚስበው ወታደርም ከዚህ ችግር ውጪ አይደለም።

ቅባት ሻጩ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ቅባቱ ዋጋው ከሕክምናው ይረክሳል፤ መርፌና ቢላዋ የለውም፤ ከሁሉም በላይ በጓዳ፣ ማንም ሳያይ የሚቀቡት ነው። የሚያፍር ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ምስጢርን ነው። በማሸጊያው ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ ሁለተኛው ደመቅ ባለ ብርሃን የተነሣ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ሻጩ «ለወራት ያለማቋረጥ ይቀቡ» ይላል። ወራቱ ሲያልቅ ገዢው ወይ ተስፋ ቆርጧል፣ ወይ «አንድ ቀን ሳልቀባ ቀርቼ ይሆናል» ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። የሰው ቆዳ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሁለት ናቸው። የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያረጀው እየረገፈ በአንድ ወር ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በአዲስ ይተካል። ንቅሳቱ በዚህ ሽፋን ላይ ቢቀመጥ ኖሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ አንዳች ቅባት ረግፎ በጠፋ ነበር። የንቅሳት ቀለም የሚቀመጠው ግን ከዚያ በታች ባለው፣ ወፍራምና ደም ሥር ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። በዚያም ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት ዘብ ሕዋሳት የቀለሙን ቅንጣት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት በምትኩ የሚመጣው ሕዋስ ያንኑ ቀለም መልሶ እንደሚውጠው አሳይተዋል። ዘበኛ ሲለወጥ ጥበቃው አይቋረጥም ማለት ነው። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖርበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል።

እንግዲህ በወታደር ቋንቋ ብንናገር፣ ቀለሙ የመሸገው ከሁለተኛው መስመር ኋላ ሲሆን፣ ቅባቱ የሚተኩሰው በፊተኛው መስመር ላይ ነው። ከፊተኛው መስመር አልፎ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በመካከል ያለውን ሁሉ አፍርሶ ነው። ስለዚህ ፍርዱ አጭር ነው፤ የማያቃጥለው ቅባት ቀለሙን አይደርስበትም፤ የሚደርስበት ቅባት ቆዳውን ያቃጥላል።

በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ሃይድሮኪኖን የተባለው ማንጫ ነው። ይህ የሚሠራው ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሜላኒን የተባለ የቆዳ ቀለም በመቀነስ ነው፤ ጥላሸትን ግን ፈጽሞ አይነካውም። ከዚህም የተነሣ ዙሪያው ይነጣና ጥቁሩ ንቅሳት ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት ደግሞ ኦክሮኖሲስ የተባለ፣ ቆዳን ወደ ሰማያዊነት የሚያጠቁር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሌሎቹ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ያለባቸው ናቸው። ይህ አሲድ በሐኪም እጅ፣ በተመጠነ ኃይል ለሕክምና የሚውል ሲሆን፣ በጓዳ ሲቀቡት ግን ያቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ንቅሳት ለማጥፋት የፈቀደው አንድም ቅባት የለም፤ እንዲያውም በቤት የሚቀቡት እነዚህ ነገሮች ቆዳን ሊጎዱ እንደሚችሉ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ይህ ማታለያ አዲስ አይደለም። በ6ኛው ምዕተ ዓመት በቢዛንታይን መንግሥት የነበረው ሐኪም፣ የአሚዳው አኤቲዮስ፣ በወታደሮች እጅ ላይ ስለሚደረግ ንቅሳት ጽፎ፣ ለማጥፊያ የሚሆን ድብልቅም አስቀምጧል። ከድብልቁ ውስጥ ኖራ ይገኝበታል። ኖራ ሥጋን እንደሚበላ የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከ1,400 ዓመት በላይ አልፏል፤ ብልቃጡ አማረ እንጂ አሠራሩ ያው ማቃጠል ነው።

ታዲያ ንቅሳት ፈጽሞ አይጠፋምን? ይጠፋል፤ ነገር ግን በሐኪም እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሌዘር ከተሠራ በኋላ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ በንቅሳት ላይ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሐኪሞች ብርሃኑ እጅግ ባጠረ ቅጽበት ከተለቀቀ ዙሪያውን ሳይጎዳ ዒላማውን ብቻ ሊመታ እንደሚችል አስረዱ። ዛሬ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በሰከንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ብርሃኑን ይለቃሉ፤ ቅንጣቱ ይሰባበራል፤ ስባሪውንም ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። የጥላሸት ጥቁር ብርሃንን አጥብቆ የሚስብ በመሆኑ የእናቶቻችን ንቅሳት ለዚህ ሕክምና ምቹ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥቁር ሰው ቆዳም ራሱ ብርሃን ይስባልና፣ የማያውቅ እጅ ቆዳውን ሊያቃጥል ወይም ሊያነጣ ይችላል። ለእኛ ቆዳ የሚሻለው 1,064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር እንደሆነ የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። ሕክምናው በሳምንታት ልዩነት እየተመላለሱ የሚፈጽሙት እንጂ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በየከተማውም አይገኝም። ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ንቅሳቱን ማስጠፋት የሚሻ ሰው ምክንያቱ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል መካከል ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም በሌዘር ያስጠፉ አሉ። በዚህ የሚፈርድ አይኖርም። ኀፍረት ግን ሌላ ነገር ነው። እኒያን እናት ወደ ቅባቱ የገፋቸው ንቅሳቱ ሳይሆን የእኛ የከተሜዎቹ ፌዝ ነው። ሻጩ ገንዘቡን የሚሰበስበው እኛ በዘራነው ፌዝ ላይ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ አንባቢዎቻችንን የምናሳስበው ይህን ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበትን ቅባት በገላችሁ ላይ አታድርጉ። ቀብታችሁ ማቃጠል ከጀመረ «እየሠራ ነው» ብላችሁ አትቻሉት፤ ያለበትን ልብስና ጌጥ አውልቃችሁ፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡት። ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡበት፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በባዕድ አገር ያላችሁ ልጆችም ለእናቶቻችሁ ስጦታ ስትልኩ ይህን አስቡ።

እኒያ እናት ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እንሄዳለን ወይ ብለን ብንጠይቃቸው «የልጄ ሠርግ አይደል?» አሉን፤ ነጠላቸውንም ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።