«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ሲሉዎት፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ስለሚቀርቡ መፍትሔዎች

የእሁድ አምልኮ ካበቃ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከልጇ ጋር የቆመችን አንዲት እናት ያስቡ። ልጁ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ገና አይናገርም፣ ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል። አንዷ እህት «የጥቁር አዝሙድ ዘይት ስጪው» ትላታለች፤ አንድ ወንድም «ስንዴና ወተት አቁሚበት» ይላታል፤ ሌላዋ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ጠብታ ሹክ ትላታለች። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ምናልባት እናቲቱ እርስዎ ነዎት፤ ምናልባትም ከመካሪዎቹ አንዱ።

ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ከመወለድ በፊት የሚጀምር ሲሆን በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የወላጅ ኃጢአት ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት አይደለም። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት፣ ተፈጥሯዊም ይሁን ሰው ሠራሽ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የልጁን ኑሮ የሚያቀልሉ ነገሮች ግን አሉ።

ምስክርነት ለምን ያሳስታል?

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሦስት ልጆች ሴክሬቲን የሚባለውን፣ ሰውነት ለምግብ መፈጨት የሚያመነጨውን ሆርሞን ከወሰዱ በኋላ ተሻሻሉ ተብሎ ተዘገበ። ወሬው በፍጥነት ተሰራጨና ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስወጋት ተሯሯጡ። በ1999 ግን ተመራማሪዎች 60 ልጆችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ሴክሬቲን፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ ሰጡ። ለየትኛው ልጅ ምን እንደ ተሰጠ ወላጆቹ አያውቁም ነበር። መሻሻል በሁለቱም ወገን ታየ፤ ሴክሬቲኑ ከጨው ውሃው አልበለጠም። ይህ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ከሦስት ወላጆች ሁለቱ ያህል አሁንም ሴክሬቲኑን ይፈልጉ ነበር።

እነዚህ ወላጆች አልዋሹም። ልጅ በራሱ ጊዜ ያድጋል፤ ክፉ ሳምንት አልፎ ደህና ሳምንት ይመጣል፤ ተስፋ ያደረገ ዓይንም ትንሿን ለውጥ አጉልቶ ያያል። ስለዚህ «የእኛ ልጅ በዚህ ተለወጠ» የሚል ወዳጅ በቅን ልብ ቢናገርም፣ ንግግሩ ማስረጃ አይሆንም።

በቤተ ክርስቲያን ስም የተሸጠ በረኪና

በፍሎሪዳ ራሱን «ጀነሲስ 2 የጤናና የፈውስ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሰየመ ቡድን ኦቲዝምን፣ ካንሰርንና ወባን ይፈውሳል የሚለውን «ተአምረኛ የማዕድን መፍትሔ» ይሸጥ ነበር። ጠብታው እንደ መመሪያው ሲበጠበጥ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ፋብሪካዎች ወረቀትና ጨርቅ የሚያነጡበት ኃይለኛ በረኪና ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2010 ጀምሮ ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥና ለሕይወት የሚያሰጋ የደም ግፊት መውረድ እንደሚያስከትል አስጠንቅቋል። በ2023 የቡድኑ መሪና ሦስት ወንዶች ልጆቹ ማያሚ ላይ ጥፋተኛ ተብለው እስራት ተፈረደባቸው። መሪው ራሱ ድርጅቱ ከሃይማኖት ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ ስሙም ከእስር እንዲያድነው የተመረጠ መሆኑን ተናግሮ ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ቃል ሲያይ ብዙ አይጠይቅም።

ምግብና እንቅልፍ

ስንዴና ወተት ማቆም ኦቲዝሙን እንደሚለውጥ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች በቂ ማስረጃ አላገኙም። ይሁን እንጂ የሆድ ድርቀት በእነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በጩኸት ወይም ራሱን በመምታት ሊገልጽ ስለሚችል ሆዱን ማስመርመር ይጠቅማል። ስንዴ ለማቆም ከወሰኑ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስለሚቀላቀልበት ይጠይቁ። ወተት ከቆመ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በምን እንደሚተኩ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ከአምስት ዓይነት ምግብ ሌላ ከማይበላ ልጅ ላይ ሁለቱን መንሣት ቀላል ነገር አይደለም።

ለእንቅልፍ ችግር ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ሜላቶኒን ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 ባወጣው መመሪያ መጀመሪያ የመኝታ ሥርዓት እንዲስተካከል፣ ማለትም ቋሚ ሰዓትና ጸጥ ያለ ክፍል እንዲኖር፣ ይህ ካልበቃ ሜላቶኒን እንዲሞከር ይመክራል። ነገር ግን በ2023 በአሜሪካ ከተመረመሩ 25 ከረሜላ መሰል የሜላቶኒን ምርቶች በ22ቱ ውስጥ የተገኘው መጠን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር አልተስማማም። ስለዚህ መጠኑንም የሚገዛውንም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይወስን።

ጸሎትና ጉባኤው

ለልጁ ይጸልዩለት። ነገር ግን ማንም ሰው «ርኩስ መንፈስ ነው» ብሎ እንዲይዘውና እንዲጫነው አይፍቀዱ። በ2003 በአሜሪካ ሚልዎኪ ከተማ ኦቲዝም የነበረበት የ8 ዓመት ልጅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ጊዜ ደረቱ ላይ ተተኝቶበት ታፍኖ ሞተ።

ከጉባኤው ብዙ የሚጠቅም ነገር ያለ ምንም ገንዘብ ሊመጣ ይችላል። ለቤተሰቡ ከድምፅ ማጉያው የራቀ፣ ለበር የቀረበ ወንበር ይያዝላቸው። የአምልኮውን ቅደም ተከተል፣ መዝሙሩን፣ ጸሎቱን፣ ስብከቱን፣ ወደ ቤት መሄዱን፣ በአራት ሥዕሎች አዘጋጅታችሁ ለልጁ ስጡት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማየቱ ያረጋጋዋል። የሰንበት ትምህርት መምህራንም እናቲቱን ልጁ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስፈራው ጠይቀው ይጻፉ፤ ከዚያም አንድ የሚያውቀው ሰው በየእሁዱ ከልጁ ጋር ይቀመጥ፤ እርሷም ስብከቱን እስከ መጨረሻ ትስማ።