«ሚስማር ዋጥኩ» ካለ እመኑት



ሰሞኑን ከጥሊሊ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ጠየቀችኝ። ወንድሟ የአእምሮ ሕመም አለበት፣ መድኃኒቱን ካቆመ ቆይቷል። «ሚስማር ውጫለሁ» ሲል ቤተሰቡ «ዝም ብሎ ነው የሚለፈልፈው» ብሎ ተወው። «ልመነው ወይ ዶክተር?» ነው ጥያቄዋ።

አዎ፣ እመኚው። ውሸት ቢሆን የምትከስሩት የአንድ ራጅ ዋጋ ነው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ዶ/ር ዳዊት ተዓረ ከአንድ የ33 ዓመት ሰው ሆድ ዕቃ 122 ሚስማር በቀዶ ሕክምና አወጡ። እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራት መርፌ፣ የጥርስ መጎርጎሪያና የተሰበረ ጠርሙስም ነበረበት። ሰውየው ለ10 ዓመት የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሲሆን መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጨጓራው አለመበሳቱ ትልቅ ዕድል ነው። እኔን ግን ከሚስማሩ ይልቅ ያቺ «ሁለት ዓመት» ናት የምታሳዝነኝ።

ለምን ይውጣሉ? አንዳንዱን «ዋጠው» የሚል ድምፅ ያዘዋል። ሌላው ብረቱ ከክፉ ነገር የሚጠብቀው ይመስለዋል። ራሱን ለመጉዳት የሚውጥም አለ። ከእልህ ወይም ከጥጋብ የመጣ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጣና ዱላ አይመልሰውም።

ከተዋጠ በኋላስ? ትንሽና ድቡልቡል ነገር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ግን የትንሹን አንጀት መታጠፊያ ማለፍ ይቸግረዋል። ስለት ያለው ደግሞ በየትኛውም ቦታ ሊበሳ ይችላል። የሪሞት ወይም የሰዓት ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ይጀምራል፣ እዚህ ላይ «እስኪነጋ» የሚባል ነገር የለም።

ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ከደረቀ ወይም ከትኩሳት ጋር ከባድ ቁርጠት ካለው ድንገተኛ ነው። ምንም ምልክት ባይኖርም ስለት፣ ረጅም ነገር ወይም ባትሪ ከዋጠ ያው ድንገተኛ ነው።

አሁን ቤት ውስጥ የሚሠራው ስህተት። «ሙዝ አብሉት፣ እንጀራ አጉርሱት፣ ይዞት ይወርዳል» ይባላል። አይሆንም! በካሜራ (ኢንዶስኮፒ) ለማውጣትም ሆነ ለማደንዘዣ ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ጣት ከትቶ ማስመለስ ስለቱን በመጣበት መንገድ መልሶ መቧጨር ነው። ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር አትስጡ። ምግብም ውኃም ሳይቀምስ ይዛችሁት ሂዱ።

ጥሊሊ ያላችሁ እንጅባራ ቅርባችሁ ነው፣ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፍላችኋል። ለሐኪሙ ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደዋጠ ንገሩት፣ የሚመስለውን ዕቃ ካገኛችሁም ይዛችሁ ሂዱ። ብረት በራጅ ይታያል፣ እንጨትና ፕላስቲክ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ።

ደግሞ ሆዱ ስለጸዳ ነገሩ አላለቀም። ሕመሙ ካልታከመ ተመልሶ ይውጣል። ጸበል የሚሄድ ካለ ይሂድ፣ እኔም አልከለክልም፣ ግን ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ሁለቱ አይጣሉም። በየቀኑ መዋጥ ካስቸገረው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ስላለ የአእምሮ ሐኪሙን ጠይቁ። ሚስማር፣ ምላጭና ባትሪ ከአካባቢው አንሱ።

እህቴ፣ ወንድምሽን ቀስ ብለሽ «ድምፅ ይሰማሃል? ምን አድርግ ይልሃል?» በይው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም። የሚመልስልሽንም ለሐኪሙ እንዳለ ንገሪው።