የቆየ የብርሃን መለኪያ ሲሳሳት ምን ማድረግ ይገባል?

ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወድ ወጣት ከአሮጌ ዕቃ መካከል ባትሪ የማያስፈልገው የብርሃን መለኪያ አግኝቶ አልሠራ ቢለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያውኑ ካቻቢቴ ይፈልጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሊድን ይችል የነበረ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በዚህ ይበላሻል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ጉድለቱ ከወዴት እንደ ሆነ መለየት ይገባል።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። በአሜሪካ አገር የዌስተን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ለፎቶግራፍ ሥራ ባወጣው መለኪያ እንደሚታየው፣ ዋና ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሴሌኒየም የተቀባ ሰሌዳ ሲሆን፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሁለተኛው በማግኔት መካከል የሚዞር ቀጭን የሽቦ ጥቅል ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲደርሰው ጠቋሚውን መርፌ ያንቀሳቅሳል።

እንግዲህ ምርመራው በተራ ይሁን። በመጀመሪያ ብርሃን ተቀባዩን መስኮት ፈጽሞ መሸፈን ነው። መርፌው በዜሮ ላይ ካላረፈ፣ ለዚሁ የተሠራችውን ትንሽ ብሎን በዝግታ ማዞር ያስተካክለዋል። ቀጥሎ መሣሪያውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው። መርፌው ከአንድ ስፍራ ተይዞ ከቀረ ትቢያ ወይም ዝገት ይዞታል ማለት ነው፤ ይህም የሰዓት ሠሪ እጅ ይፈልጋል።

መርፌው ነጻ ሆኖ ሳለ በፀሐይ ብርሃን የማይነሣ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከሰሌዳው ወይም ከሽቦው መገናኛ ነው። የዛገ መገናኛ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። እርጥበት ያበላሸው ሰሌዳ ግን ተለውጦ እንጂ ታክሞ አይድንም። በኤሌክትሪክ መመርመሪያ የሽቦውን ጥቅል ለመለካት መሞከርም አደገኛ ነው፤ የመመርመሪያው ባትሪ ቀጭኑን ሽቦ ሊያቃጥለው ይችላል።

መርፌው እየተነሣ ልኩን ከሳተ ደግሞ ፀሐይ ትመስክር። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ፊልሙ ቁጥር 100 ሲሆን፣ ዲያፍራሙ በ16 ላይ ፍጥነቱም የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በጥላም ቦታ ከሚታመን ሌላ መለኪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በሁለቱም ስፍራ ብርሃኑን በግማሽ አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ፣ የፊልሙን ቁጥር በ100 ፈንታ 200 ላይ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ስሕተቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ሰሌዳው አርጅቷልና አይታመንም።

በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ሥዕል ይነሣል፤ ያለፈ ሠርግ ወይም የምረቃ ቀን ግን ዳግመኛ አይነሣም። ምርመራው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅምና፣ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ከማስገባት በፊት ይፈጸም።